ቡናና አቦል በሰማይ ላይ

በሰማይ ላይ ቡና የምትባል ኮከብ አለች። ቡናን የሚዞር አቦል የሚባል ዓለም አለ። ይህ ተረት አይደለም። ስሞቹን ያወጣችው አገራችን ኢትዮጵያ ናት። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብ ሰጥቶ፣ «ስም አውጡ» አለ። ለኢትዮጵያ የደረሰቻት ኮከብ «ቡና» ተባለች። ኮከቧን የሚዞረው ዓለም ደግሞ «አቦል» ተባለ። ስሞቹ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ለዓለም ሁሉ ተነገሩ።

ነገር ግን አቦልን ያገኙት ሰዎች በዓይናቸው አላዩትም። ታዲያ መኖሩን በምን አወቁ? እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት።

ኮከብና ፕላኔት

ኮከብ የራሱ ብርሃን አለው። ፀሐይም ኮከብ ናት። ትልቅ ሆና የምትታየን ከሌሎቹ ይልቅ ለእኛ ቅርብ ስለሆነች ነው። ፕላኔት ግን እንደ ኮከብ አይነድም። ኮከብን ይዞራል፤ የሚያበራውም ከኮከቡ በተቀበለው ብርሃን ነው። ምድራችን ፕላኔት ናት። የአጥቢያ ኮከብ የምንላትም በእውነቱ ኮከብ አይደለችም። ቬነስ የምትባል ፕላኔት ናት። እሷም እንደ ምድር ፀሐይን ትዞራለች።

ፀሐይን የሚዞሩ ፕላኔቶች 8 ናቸው። ሌሎቹ ከዋክብትስ? እነሱም ፕላኔት አላቸው? ይህ ጥያቄ ለብዙ መቶ ዓመታት መልስ አላገኘም ነበር። አንደኛው ምክንያት ርቀት ነው። ብርሃን በ1 ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከፀሐይ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከቡና ተነሥቶ ለመድረስ ግን 200 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ዛሬ የሚደርሰን የቡና ብርሃን መንገድ የጀመረው አፄ ቴዎድሮስ ሳይነግሡ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የኮከቡ ድምቀት ነው። ከሩቅ ኮረብታ ላይ ሆናችሁ የሚነድ ደመራ ታያላችሁ እንበል። ከደመራው አጠገብ የበራች አንዲት ጧፍ ትታያችኋለች? አትታያችሁም። ፕላኔትም በኮከቡ ብርሃን ይዋጣል።

ኮከብ ሲወዛወዝ

አባት ልጁን በሁለት እጁ ይዞ ሲያሽከረክር አይታችሁ ይሆናል። ልጁ በሰፊው ይዞራል። አባትየውም ዝም ብሎ አይቆምም፤ ወደ ኋላው ዘንበል እያለ በትንሹ ይዞራል። ልጁን ጨለማ ቢሸፍነው እንኳ፣ ከአባትየው አኳኋን አንድ ነገር እንደያዘ እናውቃለን። ኮከብና ፕላኔትም እንዲሁ ናቸው። ፕላኔቱ ሲዞር ኮከቡም በትንሹ ይወዛወዛል።

መወዛወዙ የሚታወቀው በብርሃኑ ነው። የፀሐይ ብርሃን በዝናብ ጠብታ ሲያልፍ ተከፋፍሎ ቀስተ ደመና ይሆናል። ተመራማሪዎችም የኮከብን ብርሃን በመሣሪያ እንዲህ ይከፋፍሉታል። በቀለማቱ መካከል ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። ኮከቡ ወደ እኛ ሲጠጋ መስመሮቹ ወደ ሰማያዊው ቀለም በጥቂቱ ይሄዳሉ። ሲርቅ ደግሞ ወደ ቀዩ ይሄዳሉ። ጊዜ ጠብቀው ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱ ከሆነ፣ አንድ የማይታይ ነገር ኮከቡን እየሳበው ሊሆን ይችላል።

ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ የተባሉ ሁለት የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በፈረንሳይ አገር ባለ ቴሌስኮፕ ይህን ሥራ ይሠሩ ነበር። በ1988 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ «51 ፔጋሲ የተባለችውን ኮከብ የሚዞር ትልቅ ፕላኔት አገኘን» አሉ። አንዱን ዙር የሚጨርሰውም በ4 ቀን ከጥቂት ሰዓት ነው አሉ። ብዙዎች ተጠራጠሩ። ምድር ፀሐይን ለመዞር 365 ቀን ይፈጅባታል። ትልቁ ፕላኔት ጁፒተር 12 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ታዲያ ያን የሚያህል ፕላኔት እንዴት በ4 ቀን ይዞራል?

በአሜሪካ ያሉ ሌሎች ተመራማሪዎች በራሳቸው ቴሌስኮፕ ያችኑ ኮከብ ተመለከቱ። እነሱም ያንኑ አገኙ። ነገሩ የታመነው አንድ ሰው ስለተናገረው ብቻ አይደለም። ሌላው ራሱ ለክቶ ስላረጋገጠው ነው። ማዮርና ኬሎ ለዚህ ሥራቸው በ2012 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

አቦልም የተገኘው በዚሁ ዘዴ ነው። ክብደቱ ቢያንስ የጁፒተርን 4 እጥፍ ይሆናል። ቡናን አንድ ጊዜ ለመዞር 1000 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ የአቦል 1 ዓመት ከእኛ 2 ዓመት ከመንፈቅ ይበልጣል።

ጥላን መጠበቅ

ሁለተኛው ዘዴ ጥላን መጠበቅ ነው። የእሳት ራት በኩራዝ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ ቅንስ ይላል። ፕላኔትም በኮከቡ ፊት ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን በጥቂቱ ይቀንሳል። ኬፕለር የተባለው የአሜሪካ ቴሌስኮፕ በ2001 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ተልኮ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ይህን ሲጠብቅ ኖረ። በእሱ ከ2600 በላይ ፕላኔቶች ተገኙ። በልዩ ልዩ ዘዴ ተገኝተው የተረጋገጡት ሁሉ ሲቆጠሩ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. 6000 ደረሱ።

ሕፃናት ከዋክብት

ሦስተኛው ዘዴ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ፀሐይ ዓይናችንን ስትወጋን በመዳፋችን እንከልላታለን። በቴሌስኮፑ ውስጥም ኮከቡን የሚከልል ትንሽ መከለያ ይደረጋል። ያን ጊዜ በአጠገቡ ያለው ደብዛዛ ነገር ይታያል።

ይህ ዘዴ ይበልጥ የሚሠራው በወጣት ከዋክብት ላይ ነው። ለምን ቢባል፣ አዲስ የተወለደ ፕላኔት ገና ትኩስ ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ምጣድ ወዲያው እንደማይበርድ ሁሉ፣ ፕላኔቱም ሲወለድ ያገኘውን ሙቀት ይዞ ይቆያል። ሙቀቱ በሰው ዓይን አይታይም። ለዚህ የተሠሩ ቴሌስኮፖች ግን ያዩታል።

በደቡብ አሜሪካ በቺሌ አገር አታካማ የሚባል በረሃ አለ። ደመናና ዝናብ እምብዛም የለበትም። 5000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ 66 ትልልቅ ሳህን መሰል ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ቦታው ከራስ ዳሸን ጫፍ ይበልጣል። በ2007 ዓ.ም. እነዚህ ቴሌስኮፖች ኤችኤል ታውሪ የተባለችውን ኮከብ ፎቶግራፍ አነሡ። ዕድሜዋ ከ1 ሚሊዮን ዓመት አይበልጥም ይባላል። ይህ ለኮከብ የአራስነት ዕድሜ ነው። ፀሐይ እንኳ 4 ቢሊዮን 600 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል። በፎቶግራፉ ላይ በኮከቧ ዙሪያ የአቧራና የጋዝ ዝርግ ታየ። እንደ ሰፌድ ቀለበት በቀለበት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች በቀለበቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚጠርጉት በመወለድ ላይ ያሉ ፕላኔቶች ናቸው ይላሉ።

በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በረሃ በሌላ ቴሌስኮፕ ፒዲኤስ 70 የተባለች ኮከብ ታየች። የቴሌስኮፑ መስታወት ስፋት 8 ሜትር ይሆናል። ኮከቧ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። እሷንም የአቧራ ቀለበት ይከባታል። በቀለበቱና በኮከቧ መካከል ባለው ባዶ ቦታ አንድ ነጥብ ታየ። ገና በማደግ ላይ ያለ ፕላኔት ነበር። በ2011 ዓ.ም. ሁለተኛው ተገኘ።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

«የሩቅ ኮከብ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰው የራሱን መወለድ አያስታውስም። የጎረቤት ሕፃን ሲወለድና ሲያድግ አይቶ ግን፣ «እኔም እንዲህ ነበርኩ» ይላል። የምድራችንን መወለድም ያየ ሰው የለም። የሩቅ ሕፃናት ከዋክብትን ስናይ የራሳችንን ታሪክ እናውቃለን። የምንረግጠው አፈር፣ የማረሻችን ብረት፣ የምንጠጣው ውኃ ሁሉ ከብዙ ዘመን በፊት በወጣቷ ፀሐይ ዙሪያ ይዞር ከነበረው አቧራና ጋዝ የተገኘ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ። በእነዚያ ዓለማት ላይ ሕይወት ይኖር ይሆን? ለዚህ የፕላኔቱን አየር ማወቅ ያስፈልጋል። ጄምስ ዌብ የተባለው ቴሌስኮፕ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ተላከ። እያንዳንዱ ጋዝ በብርሃን ላይ የራሱን ምልክት ይተዋል። «ሀ» ከ«ለ» በቅርጹ እንደሚለይ፣ አንዱ ጋዝ ከሌላው በምልክቱ ይለያል። በዚሁ ዓመት በነሐሴ ወር፣ 700 የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቅ ፕላኔት አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መኖሩ በዌብ ተነበበ። ይህ ከሳንባችን የምናስወጣው ጋዝ ነው። ሆኖም ይህ ጋዝ መገኘቱ ብቻ ሕይወት አለ ማለት አይደለም። ያ ፕላኔት ሰው ሊኖርበት የማይችል፣ እንደ እሳት የሚያቃጥል ዓለም ነው።

እስካሁን ሕይወት እንዳለበት የተረጋገጠ ዓለም ምድራችን ብቻ ናት። ከ6000 በላይ ፕላኔቶች ተቆጥረው እንኳ ሁለተኛ አልተገኘም። ፍለጋው ግን ቀጥሏል። በአታካማ በረሃ ስፋቱ 39 ሜትር የሆነ መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ እየተሠራ ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች ከቤተሰባችሁና ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩባቸው፦

1. የአጥቢያ ኮከብ ኮከብ ያልሆነችው ለምንድን ነው?
2. አቦል በዓይን ሳይታይ መኖሩ እንዴት ታወቀ?
3. የወጣት ከዋክብት ፎቶግራፍ ስለ ምድራችን ምን ያስተምረናል?