ታጥቆ መታየት፣ ተደብቆ መግባት

ከጅቡቲ ተነስቶ በጋላፊ የሚገባ፣ አዋሽንና አዳማን የሚያልፍ ከባድ መኪና ብዙውን ጊዜ ጭነቱን የሚያራግፈው ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ይህ ቦታ ባሕር ባይኖረውም የአገሪቱ ዋና በር ነው። ስለ ሽጉጥ ሕግ የሚናገር ምዕራፍ ከዚህ መጀመሩ ለአንባቢ ግር ይል ይሆናል። በግልጽ የመታጠቅን ክርክር የምናውቀው ከአሜሪካ ዜና ስለሆነ ሁልጊዜ መንገድ ላይ እንጀምረዋለን። መሣሪያው መንገድ ላይ ከመታየቱ በፊት ግን በአንድ በር መግባቱ አይቀርም።

የአሜሪካኖቹ ጥያቄ ሲታይ ቀላል ነው። ሰው ሽጉጡን ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ ልብስ ሳያለብሰው፣ በአደባባይ ይሂድ ወይስ አይሂድ? የካውቦይ ፊልም ያሳደገን ሰዎች ቴክሳስ ከጥንት ጀምሮ ይህን የፈቀደች ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። ቴክሳስ ሽጉጥ ይዞ መንቀሳቀስን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው፤ ፈቃድ ያለው ሰው በግልጽ እንዲታጠቅ የፈቀደችው ደግሞ በ2016 መባቻ ነው። በካሊፎርኒያ የሆነው ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ብላክ ፓንተር የተባለው የጥቁሮች ድርጅት አባላት መሣሪያቸውን በግልጽ ይዘው ወደ ምክር ቤቱ ሕንፃ ሲገቡ፣ በዚያው ዓመት ጥይት የጎረሰ መሣሪያ በአደባባይ መያዝ ተከለከለ። ፈራሚው አገረ ገዥ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን ነበር። መብት ሲባል የቆየው ነገር የያዘው ሰው ሲቀየር ስጋት ሆነ።

ደጋፊዎቹ «የሚታይ መሣሪያ ወንጀለኛን ያስፈራል» ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ዳላስን ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 በዚያች ከተማ ሰልፍ ላይ አንድ ታጣቂ አምስት ፖሊሶችን ሲገድል፣ በሕግ ተፈቅዶላቸው ጠመንጃ አንግተው የወጡ ሰልፈኞችም እዚያው ነበሩ። ፖሊስ ከእነርሱ አንዱን፣ ምንም ያላደረገውን፣ ተጠርጣሪ ብሎ ፎቶውን ለሕዝብ አሠራጨ። እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው፤ በጥይት ድምፅ መሀል የታጠቀ ሰው ሁሉ አንድ ይመስላል።

ወደ እኛ ስንመለስ ጠመንጃ በአደባባይ መታየቱ አዲስ ነገር አይደለም። ገጠሬው በሠርግ፣ በለቅሶና በገበያ ይዞት ይወጣል፤ ይፎክርበታል። ይህ ፍቅር ከባዶ አልመጣም። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ያረጁ ጠመንጃዎችን በግመል ከታጁራ ሸዋ አድርሶ ከምኒልክ ጋር ተከራክሯል፤ ትርፉም እንዳሰበው አልሆነለትም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዓድዋ ላይ የተተኮሰው በዚህ ዓይነት ንግድ በተሰበሰበ መሣሪያ ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን የመሣሪያ ንግድን ለመቆጣጠር ቃል አስገቧት። ጣሊያን ልትወራት ስትሰናዳ ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ የተጎዳችው ኢትዮጵያ ናት። አባት ለልጅ «መሣሪያህን አትስጥ» ቢል ከዚህ የተማረው ነው።

የገጠሩ ጠመንጃ አንድ ሌላ ጠባይ ነበረው። የማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተወረሰ፣ ስንት በሬ ተሸጦ እንደተገዛ መንደሩ ያውቀዋል። ጥፋት ቢደርስ ሽማግሌ የማንን ደጅ እንደሚያንኳኳ አይጠፋውም። ይህን ስል ያለፈውን ማሞካሸቴ አይደለም፤ ያው ጠመንጃ ደም መመለሻም ነበር። ግን የታየ መሣሪያ የታወቀ መሣሪያ ነበር።

የከተማው ሽጉጥ እንዲህ አይደለም። የሀገሪቱ ባለሥልጣናት በየጊዜው ተያዘ ብለው ከሚያሳዩት ውስጥ ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ ብዙ ነው። አንዳንዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ሆኖ፣ በኋላ አፈሙዙ ተቀይሮ ጥይት እንዲተኩስ የተደረገ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በሕጋዊ ጭነት መካከል ይሸጎጣል። ጉምሩክ በበኩሉ የሚመጣውን ኮንቴይነር ሁሉ ከፍቶ አይፈትሽም፤ ቢፈትሽ ንግዱ ይቆማል። ስለዚህ ጭነቱን በስጋት ደረጃ ለይቶ አረንጓዴውን ያሳልፋል፣ የቢጫውን ሰነድ ያያል፣ ቀዩን ያራግፋል። ኮንትሮባንዲስቱም ድካሙ ሁሉ አረንጓዴ መስሎ ለማለፍ ነው።

እንግዲህ በዚህ መንገድ የገባ ሽጉጥ ቁጥሩ በማንም መዝገብ የለም። ነገ በግልጽ መታጠቅ ተፈቅዷል ብንል ባለቤቱ ያወጣዋልን? አያወጣውም፤ ባወጣው ቀን ይጠየቅበታል። የሚወጣው አስቀድሞ የተመዘገበው ብቻ ነው። ከተማው አዲስ ፍርሃት ያተርፋል እንጂ አዲስ መረጃ አያገኝም።

ሕገ መንግሥታችን መሣሪያ የመያዝን መብት አልደነገገም። አንቀጽ 51 የመሣሪያ መያዝን ሕግ ማውጣት ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቶታል። በዚህ ሥልጣን በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን ከፈቃድና ከምዝገባ ጋር አስሯል፤ መታጠቅ ባህል የሆነባቸውን አካባቢዎችም አልዘነጋም። በእኔ አስተያየት ሕግ አውጪው ትክክለኛውን ጥያቄ አንስቷል፤ ከመታየቱ በፊት መታወቁን።

«ሽፍታው ታጥቆ እኔ ለምን ባዶ እጄን?» የሚለውን ግን በአዋጅ ቁጥር መመለስ አይቻልም። ወደ ሞጆ በሚወስደው መስመር ላይ ሳይቀር ሾፌሮች ታግተው ቤዛ ተጠይቆባቸዋል። ጥያቄው የሕይወት ነው። ሆኖም ክላሽ የያዙ ሰዎች መንገድ ሲዘጉ፣ መሪ የጨበጠ ሰው ወገቡ ላይ የሚታይ ሽጉጥ ቢኖረው መጀመሪያ የሚተኮስበት እርሱ ነው። ሾፌሩ የሚፈልገው የሚጠበቅ መንገድ ነው።

ምዝገባውም ራሱ የቆየ ጠባሳ ያገኘዋል። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደርግ አሰሳ ቤት ለቤት ሲካሄድ መሣሪያ የተገኘበት ሰው ምን እንደደረሰበት የሚያስታውሱ ዛሬም አሉ። መዝገብ ነገ የገፈፋ ዝርዝር ይሆናል ብሎ የሚፈራ ገበሬ ጠመንጃውን ጎተራ ሥር ይቀብራል፤ ትናንት መንደሩ የሚያውቀው መሣሪያም እንደ ኮንቴይነሩ ሽጉጥ ባለቤት አልባ ይሆናል። የፌዴራል ፖሊስ መዝገብ ይህን ሰው እንዲያገኝ፣ በፈቃዱ ያስመዘገበ ሰው መሣሪያው ያለ ጥፋቱ እንደማይወሰድበት ጎረቤቱ ላይ ማየት ይኖርበታል።