ሀብት እያለ መያዣ ማጣት

(በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የገንዘቡም መጠን በካናዳ ዶላር ነው።)

ሥራ ለመጀመር ጉልበትና ዕውቀት ብቻ አይበቁም። አናጺ መጋዝና ጣውላ፣ ዓሣ አስጋሪ ጀልባና መረብ፣ ዳቦ ጋጋሪ ምድጃና ዱቄት ያስፈልጋቸዋል። ይህ ሁሉ የሚገኘው በገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ በእጅ ከሌለ ደግሞ መበደር ግድ ይሆናል። አበዳሪ ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ይመረምራል። አንደኛ፣ ተበዳሪው ሥራውን ያውቃልን? ሁለተኛ፣ ከሥራው የሚገኘው ገቢ ዕዳውንና ወለዱን ለመክፈል ይበቃልን? ሦስተኛ፣ ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው አበዳሪው በምትኩ የሚወስደው ምን ንብረት አለ? ይህ ንብረት መያዣ ይባላል። በብዙ አገሮች ዋነኛው መያዣ ቤትና መሬት ነው። እንግዲህ መሬት ያለው፣ ቤትም የሠራ ሰው መያዣ አጣ ቢባል ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል። በካናዳ ነባር ሕዝቦች ላይ የደረሰው ግን ይኸው ነው።

በካናዳ ነባር ሕዝቦች ተብለው የሚታወቁት ሦስት ናቸው። እነርሱም ቀዳሚ ሕዝቦች የሚባሉት ልዩ ልዩ ነገዶች፣ በሰሜኑ በረዷማ ምድር የሚኖሩት ኢኑይት፣ እንዲሁም ከነባሮቹና ከአውሮፓውያን የተወለዱት ሜቲ ናቸው። በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ሦስቱ በአንድነት 1.8 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ ይህም ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ አምስቱ ማለት ነው። ይህ ምንባብ በተለይ የሚናገረው ስለ ቀዳሚ ሕዝቦች ነው።

የችግሩ ዋና ምንጭ በ1876 የወጣው የኢንዲያን ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ለቀዳሚ ሕዝቦች የተከለለው፣ በአገሩ አጠራር ሪዘርቭ የሚባለው መሬት ባለቤትነቱ የዘውዱ፣ ማለትም የመንግሥቱ ነው። ነዋሪዎቹ በመሬቱ ይጠቀማሉ እንጂ እንደ ማንኛውም ባለርስት ሊሸጡት አይችሉም። ከዚህም ሌላ ዛሬ የሕጉ 89ኛ አንቀጽ የሆነው ድንጋጌ በሪዘርቭ ውስጥ ያለውን የነዋሪም ሆነ የማኅበረሰቡን ንብረት ከነባሩ ሕዝብ ወገን ያልሆነ አበዳሪ በመያዣነት እንዳይዘው፣ በዕዳም እንዳይወርሰው ይከለክላል። ንብረት ሲባልም መሬትና ቤት ብቻ አይደለም፤ የሥራ መሣሪያውም ጭምር ነው።

የዚህን ድንጋጌ ውጤት በምሳሌ እንመልከት። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ዳቦ ጋጋሪዎች ይኖራሉ እንበል። በሙያ እኩል ናቸው፤ የሠሯቸውም ቤቶች ተመሳሳይ ናቸው። የመንገዱ ቀኝ ከሪዘርቩ ውጭ ነው፤ ግራው ሪዘርቭ ነው። የቀኙ ጋጋሪ ወደ ባንክ ሄዶ ቤቱን በማስያዝ የምድጃ መግዣ ይበደራል። የግራዪቱ ጋጋሪ ግን ቤቷን ማስያዝ ስለማትችል ብድሩን ትከለከላለች፤ ካገኘችም ከፍ ባለ ወለድ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የትጋት ወይም የችሎታ አይደለም፤ የሕግ ነው። የቀኙ ጋጋሪ ልጆች ቤቱንና ዳቦ ቤቱን ሲወርሱ፣ የግራዪቱ ልጆች እንደ እናታቸው ከባዶ እጅ ይነሣሉ። ድህነት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው በዚህ ዓይነት ነው።

ለችግሩ ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ብዙዎቹ ማኅበረሰቦች ከከተማ ርቀው ስለሚኖሩ በአካባቢያቸው የባንክ ቅርንጫፍ የለም። ታሪክም የራሱን ጠባሳ ትቷል። በአገሪቱ ምዕራባዊ ሜዳዎች በሪዘርቭ ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች እህላቸውንና ከብታቸውን ለመሸጥ የመንግሥቱን ወኪል ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። ድንጋጌው ሥራ ላይ መዋሉ ቀደም ብሎ ቢቀርም፣ ከሕግ መጽሐፉ የተሰረዘው በ2014 ነው። ያመረተውን በፈቃዱ መሸጥ ያልተቻለው ገበሬ ጥሪት ሊያጠራቅም እንደማይችል ግልጽ ነው።

እንግዲህ ክልከላው ለምን ጨርሶ አይነሣም? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ቀላል አይደለም። መያዣ የሚሆን መሬት በዕዳ የሚወሰድ መሬትም ነውና። የጎረቤቲቱ አገር የአሜሪካ ታሪክ ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። በ1887 በአሜሪካ የወጣው የዶውስ ሕግ የነገዶችን የጋራ መሬት እየሸነሸነ ለግለሰቦች አደለ፤ የተረፈውም ለሌሎች ሰፋሪዎች ተሰጠ። ከዚያም ግለሰቦቹ ድርሻቸውን አንዳንዱን በሽያጭ፣ አንዳንዱን በግብር ዕዳ፣ አንዳንዱንም በማጭበርበር አጡ። ስለዚህ በ1887 138 ሚሊዮን ኤከር ያህል የነበረው የነገዶች መሬት በ1934 ወደ 48 ሚሊዮን ኤከር ዝቅ አለ። ከዚህ እንደምንረዳው ያው አጥር ብድርን ከመግባት ሲከለክል መሬትንም ከመውጣት ይጠብቃል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ አጥሩን እናፍርስ ወይስ እናቆይ የሚል ሳይሆን፣ መሬቱ ሳይነካ ገንዘብ እንዴት ይገኛል የሚል ሆነ። ለዚህም ጥያቄ ልዩ ልዩ መልሶች ተገኝተዋል።

የመጀመሪያው መልስ የራስን አበዳሪ ድርጅት ማቋቋም ነው። ከ1980ዎቹ ዓመታት አንሥቶ በነባር ሕዝቦች የሚመሩ አበዳሪ ድርጅቶች በየአካባቢው ተቋቁመው፣ ዛሬ ቁጥራቸው ከ50 በላይ ሆኗል። እነዚህ ድርጅቶች የተበዳሪውን ጠባይ፣ ሙያና ገበያ በቅርብ ያውቃሉ፤ ብድር ከሰጡም በኋላ ሒሳብ አያያዝን እያስተማሩና እየመከሩ ይከታተሉታል። በ1996 ደግሞ ለነባር ሕዝቦች አገልግሎት እንዲሰጥ የታሰበ የቀዳሚ ሕዝቦች ባንክ ተመሠረተ፤ ዛሬ አብዛኛው አክሲዮን በነባር ሕዝቦች እጅ ይገኛል። የግራዪቱ ጋጋሪ ዓይነት አነስተኛ ነጋዴዎችን የሚደግፈው በተለይ ይህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው መልስ በኅብረት መበደር ነው። በ2005 በወጣ ሕግ የቀዳሚ ሕዝቦች የፋይናንስ ባለሥልጣን የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። አባል ለመሆን የሚፈልግ ማኅበረሰብ በመጀመሪያ ሒሳቡን አስመርምሮ ብቁ መሆኑን ያስመሰክራል። ከዚያም በመያዣነት መሬቱን ሳይሆን እንደ ኪራይ፣ ግብርና የንግድ ትርፍ ያለውን አስተማማኝ ገቢውን ያቀርባል። ይህም ገቢ አስቀድሞ ወደ አንድ የአደራ ሒሳብ ይገባና የዕዳው ክፍያ ተቀንሶለት የቀረው ለማኅበረሰቡ ይመለሳል። ድርጅቱ የብዙዎቹን የብድር ፍላጎት በአንድነት ጠቅልሎ ቦንድ ይሸጣል። ከእያንዳንዱም ብድር ጥቂቱ ለክፉ ቀን በመጠባበቂያነት ይቀመጣል። የመጀመሪያው ቦንድ የተሸጠው በ2014 ሲሆን፣ በእርሱም አሥራ አራት ማኅበረሰቦች 90 ሚሊዮን ዶላር አገኙ። እያንዳንዱ ብቻውን ቢቀርብ በገበያው የሚያምነው ጥቂት ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ተረት እዚህ ላይ ትርጉሙ ጎልቶ ይታያል።

የዚህን መንገድ ፍሬ ለማየት በምሥራቃዊው የአትላንቲክ ዳርቻ የሚኖሩትን የሚክማቅ ሕዝቦች መጥቀስ ይበቃል። እነዚህ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ዓሣ አስጋሪዎች ሲሆኑ፣ አባቶቻቸው በ1760 እና በ1761 በገቡት ውል መሠረት ለኑሯቸው የማስገር መብት እንዳላቸው የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 አረጋግጦላቸዋል። ነገር ግን መብት ብቻውን መርከብ አይገዛም። በ2021 ሰባት የሚክማቅ ማኅበረሰቦች በሜምበርቱና በሚያውፑኬክ መሪነት ተባብረው፣ ከላይ ከተጠቀሰው ድርጅት በ30 ዓመት የሚከፈል 250 ሚሊዮን ዶላር ተበደሩ። በዚህም ገንዘብ ክሊርዋተር የተባለውን ታላቅ የባሕር ምግብ ኩባንያ ከአንድ ሌላ ኩባንያ ጋር እኩል ለእኩል ገዙ። በባሕሩ ዳር ቆመው የሌሎችን መርከቦች ይመለከቱ የነበሩት ሕዝቦች የኩባንያው የግማሽ ባለቤት ሆኑ ማለት ነው።

ሦስተኛው መልስ መንግሥት ዋስ እንዲሆን ማድረግ ነው። የካናዳ መንግሥት በ2024 እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር ለሚደርስ ብድር ዋስ ለመሆን ወሰነ፤ በ2025 ይህን መጠን ወደ 10 ቢሊዮን አሳደገው። ዋሱ መንግሥት በመሆኑ አበዳሪዎች ዝቅተኛ ወለድ ይጠይቃሉ፤ ማኅበረሰቦቹም እንደ ኤሌክትሪክ መሥመር ባሉ ታላላቅ ሥራዎች ላይ ባለአክሲዮን ለመሆን ይችላሉ።

ይሁን እንጂ እነዚህ መንገዶች ችግሩን ሁሉ ፈትተዋል ማለት አይደለም። አስተማማኝ ገቢ የሌለው ሩቅ መንደር የሚያስይዘው የለውም፤ የመንግሥትም ዋስትና ለታላላቅ ሥራዎች እንጂ ለአንድ ምድጃ አይደርስም። ከዚህም በላይ ብድር ምን ጊዜም ዕዳ ነው። የዓሣ ዋጋ ቢወድቅም የመክፈያው ቀን አይቀርም፤ ስለዚህ የማኅበረሰብ መሪዎች ሒሳብን መጠንቀቅና ለሕዝባቸው በግልጽ ማስረዳት አለባቸው።

በጠቅላላው ሲታይ፣ የአንድ ሰው ድህነት የስንፍናው ምልክት ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት በፊቱ የቆመው አጥር ምን እንደሆነ መመርመር ይገባል። የካናዳ ቀዳሚ ሕዝቦች ያጡት መሥራትን ሳይሆን መታመንን ነበር። ይህንንም እምነት ያገኙት አባቶቻቸው የተዉላቸውን መሬት ለጨረታ በማቅረብ ሳይሆን፣ ገቢያቸውንና ቃላቸውን በአንድነት በማስያዝ ነው።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. አበዳሪ ብድር ከመስጠቱ በፊት የሚመረምራቸው ሦስት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
2. «ያው አጥር ብድርን ከመግባት ሲከለክል መሬትንም ከመውጣት ይጠብቃል» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?
3. በኅብረት የሚበደሩት ማኅበረሰቦች በመሬት ፈንታ የሚያስይዙት ምንድን ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍች ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
መያዣ፣ ዋስ፣ ጥሪት፣ አደራ፣ ድንጋጌ

ሐ. «መብት ብቻውን መርከብ አይገዛም» በሚል ርእስ ሦስት አንቀጾች ያሉት ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ሐሳቡን አስረዱ፤ በሁለተኛው በምሳሌ አጠናክሩት፤ በሦስተኛው የራሳችሁን አስተያየት በመስጠት ደምድሙ።