ወጨጫ ይቅር የሚለውን ሰሜን ተራሮች ይቅር አይሉም፦ በተራራ ወዳጆች ወግ ውስጥ ያሉ ተረቶችና እውነታዎች

ከኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ከፍ ካሉ ሰፈሮች ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው አድማሱን የሚዘጋው ተራራ ወጨጫ ነው። 3,391 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ የጠፋ እሳተ ገሞራ፣ በጎኑ ከተንጣለለው የጽድና የዝግባ ደን ከመናገሻ ሱባ ጋር፣ በሰንበት ማለዳ ከአየር ጤና፣ ከቤቴል፣ ከአጠና ተራና ከዓለም ባንክ በሚኒባስ ለሚወጡ የእግር ጉዞ ወዳጆች፣ በከተማው አነጋገር ለሃይኪንግ ሰዎች፣ ከቅርብ መድረሻዎች አንዱ ነው። ከጉዞው ጋር ወጉ ይመጣል፤ በዕረፍት ሰዓት ዳቦና በሶ ተዘርግቶ፣ በመልስ ጉዞም በመኪና ውስጥ፣ ልምድ ያለው ለጀማሪው ይመክራል። በዚህ ወግ ውስጥ ጠቃሚ ዕውቀት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ ሁሉ፣ ማንም ሳይመረምራቸው የሚደጋገሙ እምነቶችም አብረው ይተላለፋሉ፤ አብዛኞቹም ወጨጫ ላይ ጉዳት ስለማያደርሱ እንደ እውነት ተቆጥረው ይቆያሉ። ጉዳታቸው የሚገለጠው ያው ቡድን ከወራት በኋላ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲሄድ ነው።

መጀመሪያ ሊታረም የሚገባው፣ ተራራና ገደል መውጣት የፈረንጅ ስፖርት ነው የሚለው አስተያየት ነው። የኢትዮጵያ ገደሎች ይህ ስፖርት በአውሮፓ ስምና ማኅበር ከማግኘቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሲወጡ የኖሩ ናቸው። ምሥረታው ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ ከሆኑት ከአቡነ አረጋዊ ጋር፣ ማለትም ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጋር የሚያያዘው የደብረ ዳሞ ገዳም መግቢያው 15 ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጥ ያለ ገደል ሲሆን፣ ወደ ላይ ለሚወጣው ወንድ (ሴቶች ወደ ገዳሙ አይወጡምና) ሁለት የቆዳ ጠፍሮች ይወርዱለታል። አንዱ በወገቡ ይታሰራል፤ እርሱ ከፍ ባለ ቁጥርም ከላይ የቆመ መነኩሴ የላላውን እየሳበ ይይዝለታል። ሌላውን በሁለት እጁ ጨብጦ እግሩን በአለቱ ላይ እየተከለ ይወጣል። የዛሬ አለት ወጪዎች በናይሎን ገመድና በብረት ማያያዣ የሚሠሩት ጥበቃ ዕቃው ይለያይ እንጂ መርሁ ይኸው ነው፤ የሚወጣው ሰው በራሱ ጉልበት ይወጣል፣ ቢወድቅ የሚይዘው ግን ሌላ ሰው ነው። በገርዓልታ ወደ አቡነ ይምዓታ ጉሕ የሚወጡ ምእመናንም ጫማቸውን አውልቀው፣ በአለቱ ላይ ባሉ የእጅና የእግር መያዣዎች እየተረዳዱ ገደሉን ያልፋሉ። ኮልፌም ቢሆን በዚህ ረገድ የራሱ ታሪክ አለው፤ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ሲሆን፣ ሥልጠናው መሣሪያ፣ ጥይትና ውኃ ተሸክሞ በተወሰነ ሰዓት ሩቅ ቦታ መድረስን የሚጠይቅ አድካሚ የእግር ጉዞ እንደነበረው በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል።

ስለ ራስ ደጀን በትምህርት ቤት የተያዘውና በወግ የሚደጋገመው ቁጥርም እርማት ያስፈልገዋል። ተራራው 4,620 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከአፍሪካም አራተኛው እንደሆነ ይነገራል። በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ከፍታውን ወደ 4,550 ሜትር ዝቅ ያደረጉት ሲሆን፣ በዚህም ምክንያት ከ4,560 ሜትር በላይ የሆነው የታንዛኒያው ሜሩ በጥቂት ሜትሮች ይበልጠዋል። ስለዚህ ኪሊማንጃሮ፣ ኬንያ፣ ርዌንዞሪና ሜሩ ሲቀደሙ ራስ ደጀን አምስተኛ ይሆናል፤ የርዌንዞሪ ጫፎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከተቆጠሩ ደግሞ ደረጃው ከዚህም ይወርዳል። ይህ የተራራውን ክብር አይቀንስም፤ የኢትዮጵያ ከፍተኛው ቦታ መሆኑ ምንጊዜም አልተለወጠም።

ከሁሉ የከፋውና ረጅም ማብራሪያ የሚሻው እምነት ግን የሚከተለው ነው፦ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው የደጋ ልጅ በመሆኑ ከፍታ አይነካውም። ይህ እምነት ከፊል እውነት ስላለው ነው ሥር የሰደደው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ እንደመሆኗ፣ በዚህ ከፍታ የሚኖር ሰው ሰውነት ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ሰው ሰውነት ይልቅ ለቀጭን አየር የተዘጋጀ ነው፤ ወጨጫ ላይ ቀን ውሎ የሚመለሰው የኮልፌ ነዋሪ ምንም የማይሰማውም ስለዚህ ነው። በተጨማሪ በሲንቲያ ቢል መሪነት እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በአምባራስ አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው የሄሞግሎቢን መጠንና የተሸከሙት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ጋር የሚመሳሰል ሆኖ እንዳገኘ ይታወቃል። ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ሆኖ ኦክስጅንን የሚሸከም ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በአንዲስ ተራሮች በሚኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ከፍታ መጠኑን ከፍ እንደሚያደርገው ከዚያ በፊት ታውቆ ነበር፤ የአምባራስ ሰዎች ውጤት ሳይንቲስቶችን ያስገረመውም ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ጥናቱ የተደረገው በዚያ ከፍታ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው። በአዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የሚውል ሰው ዘሩ ከዚያ አካባቢ ቢሆን እንኳ፣ ሰውነቱ የለመደው የሚያድርበትን ከፍታ እንጂ የዘመዶቹን ከፍታ አይደለም። የከፍታ ጉዳይ የሚጀምረው ከአየር ግፊት ነው። ብዙ ሰው ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ይቀንሳል ብሎ ያስባል፤ ድርሻው ግን በባሕር ዳርቻም በራስ ደጀን ጫፍም ከ100 እጅ 21 ገደማ ነው። የሚቀንሰው አየሩን የሚጫነው ግፊት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ጠለል ግፊት ሦስት አራተኛው ያህል፣ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ደግሞ ከ60 በመቶ በታች ብቻ ይቀራል። በዚህ የተነሳ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ ሰውነትም በፍጥነት በመተንፈስ፣ ኩላሊት የደምን ኬሚካላዊ ሚዛን በማስተካከል፣ ቆይቶም ቀይ የደም ሴሎችን በማብዛት ይላመዳል። የመጀመሪያው በደቂቃዎች፣ ሁለተኛው በቀናት፣ ሦስተኛው በሳምንታት የሚሠራ ስለሆነ ማንም ሰው በወኔ ሊያፋጥነው አይችልም።

ሰውነት ለዚህ ጊዜ ሲያጣ የከፍታ ሕመም ይከተላል። ምልክቱ ራስ ምታት ሆኖ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ከመንገዱ ጋር የማይመጣጠን ድካምና እንቅልፍ ማጣት ይታከሉበታል። ለወጨጫ ተጓዥ ይህ ሁሉ የማይታየው ተራራው ዝቅ ያለ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ማታ ቤቱ ስለሚያድርም ነው፤ ሕመሙ በብዛት የሚወሰነው ሰው በወጣበት ሳይሆን በሚያድርበት ከፍታ ነውና። በቀድሞው የእግር መንገድ ከደባርቅ ተነስቶ 3,250 ሜትር ላይ ባለው ሳንቃ በር፣ ቀጥሎም በ3,600 ሜትሩ ግጭ እያደሩ ወደ ጨነቅ ሲደረስ፣ መንገዱ ራሱ የማላመጃ ሥራ ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን ጠዋት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ጎንደር የገባ ቡድን በዚያው ቀን በመኪና ጨነቅ ደርሶ 3,620 ሜትር ላይ ሊያድር ይችላል። ሌሊቱን ድንኳን ውስጥ ራሱን ይዞ የሚገላበጠው ወጣት ጓደኞቹ «ብርድ ነው፣ ይለቅሃል» ሲሉት የሚያምነው፣ የደጋ ልጅ ነኝ ብሎ ስለመጣ ነው።

ስፖርተኛ ሰው አይነካውም የሚለውም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ስሕተት ነው። የአካል ብቃት ሽቅብ መሄድን ያቀላል እንጂ ከከፍታ ሕመም አይከላከልም፤ እንዲያውም ብርቱ ሯጭ ከሌሎች ቀድሞ ከፍ ብሎ ስለሚደርስ፣ ሕመሙንም ለመናገር ስለሚያፍር፣ አደጋው ሊብስበት ይችላል። ነጭ ሽንኩርት መብላትም ሆነ ብዙ ውኃ መጠጣት ሕመሙን እንደሚያስቀር የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ውኃ አስፈላጊ የሚሆነው ጥማት ራሱ ራስ ምታት ስለሚያመጣና ሁለቱን ለመለየት ስለሚያስቸግር ነው። ቡና ከፍታ ላይ ይጎዳል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ይልቁንም በየቀኑ ሦስት ሲኒ የለመደ ሰው ተራራ ላይ በድንገት ሲያቋርጥ የሚይዘው ራስ ምታት ከከፍታ ሕመም ጋር ይምታታበታል። ሐኪም የሚያዘው አሴታዞላማይድ የተባለ መድኃኒት ሰውነት ቶሎ እንዲላመድ የሚረዳ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን የቀስታን ቦታ አይተካም።

ሊታወቁ የሚገባቸው ሁለት የከፉ ደረጃዎች አሉ። አንዱ ሳንባ ውኃ የሚቋጥርበት ሲሆን፣ የታመመው ሰው ተቀምጦ እያረፈ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ሌላው አንጎል የሚያብጥበት ነው፤ ይህን ለመለየት የሚረዳው ቀላል ፈተና ሰውየውን ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያገናኘ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ ማድረግ ሲሆን፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ጊዜ የለም ማለት ነው። የሁለቱም ዋና መድኃኒት ወዲያውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በሰው ታጅቦ ወደ ታች መውረድ ነው።

ይህ የመንገዳገድ ምልክት አረቄ በተጠጣበት ድንኳን ውስጥ ሊታይ አይችልም፤ ስለዚህም አረቄ ያሞቃል የሚለው እምነት ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ፊትና እጅ ይሞቃሉ፤ ነገር ግን ያ ሙቀት ከውስጥ ወደ ቆዳ የመጣና ወደ አየሩ የሚባክን ነው፤ ጠጪው ሞቆት ሳለ መሐል ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ከ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እየቀዘቀዘ የሚሄድ በመሆኑ፣ ኮልፌ ላይ ጃኬት የሚያስለብስ ማለዳ ራስ ደጀን አናት ላይ ከዜሮ በታች ነው። እዚያ የሚያሞቀው ደረቅ ልብስ፣ ምግብና ነፋስ የማያስገባ ሽፋን ነው።

ወጨጫም ቢሆን ይቅር የማይለው አንድ ነገር መብረቅ ነው፤ በዚህ ላይ የሚነገረው ተረትም ብዙ ነው። ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል ተብሎ በዝናብ ውስጥ ቀይ ጃኬት የሚያወልቁ ተጓዦች አሉ፤ ቀለም ከመብረቅ ጋር ምንም ግንኙነት ስለሌለው የሚያተርፉት ብርድ ብቻ ነው። የእጅ ስልክም መብረቅ አይስብም። መብረቅ የሚመርጠው ከፍ ብሎ ብቻውን የቆመን ነገር ነው፤ ያም የተራራው ጫፍ፣ ብቸኛው ዛፍ ወይም በሜዳ ላይ የቆመው ሰው ሊሆን ይችላል። ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ የሚሆነው ዛፉን የመታው ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ስለሚዘልና በሥሩ በመሬት ውስጥ ስለሚሰራጭ ነው፤ ግድግዳ የሌለው የቆርቆሮ ዳስም ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያድንም። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ የተቆጠረው ሰከንድ ለሦስት ሲካፈል የርቀቱን ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ ነጎድጓዱ በተሰማ ጊዜ ግን ቆጠራ ሳያስፈልግ ከጫፉ መውረድና ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መቆየት ይገባል። በክረምት ነጎድጓድ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ወጨጫን በማለዳ ወጥቶ ከቀትር በፊት መውረድ ከሁሉ የተሻለ ጥበቃ ነው። በመብረቅ የተመታ ሰው ሲነካ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል የሚለው ተረት ደግሞ ሊድን የሚችልን ሰው ያስገድላል፤ በሰውነቱ ውስጥ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም፣ ልቡ ቆሞ ከሆነም ደረቱን ወዲያው መጫን ያስፈልጋል።

መውረድ ዕረፍት ነው የሚለውን በተመለከተ የማንኛውም ጀማሪ ጭን በማግስቱ ይመሰክራል። ሲወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደትን ይይዛል፤ ይህ ዓይነቱ ሥራ ከመውጣት ይልቅ ጡንቻን ይጎዳል፣ የደከመ እግርም በረጠበ ቅጠል ላይ ይንሸራተታል።

ከኮልፌም ሆነ ከሌላው የአዲስ አበባ ክፍል ወደ ሰሜን ተራሮች ጉዞ የሚያዘጋጁ ቡድኖች፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የሚለውን የከፍታ ሕክምና ምክር በመርሐ ግብራቸው ላይ እንዲያስገቡት ይገባል። ሁለት ሌሊት፣ አንዱ በደባርቅ ሌላው በሳንቃ በር፣ ይጨምሩ፤ ማታ ማታም መሪው እያንዳንዱን ተጓዥ ራሱን ያመው እንደሆነ በስሙ ጠርቶ ይጠይቀው።