የጌዴኦና የሲዳማ ጓሮ ከነመንገድ ዳር መደቡ

ከሐዋሳ ተነሥቶ ወደ ዲላ በሚወስደው 90 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ፣ ግራና ቀኙን ሞልቶት ያየውን ልምላሜ «እንዴት ያለ ደን ነው!» ብሎ ያደንቃል፤ ዳሩ ግን ያ ደን የመሰለው ነገር አንድም ዛፍ ባለቤት የሌለው የማይገኝበት፣ በየአጥሩ የተከፋፈለ፣ አብዛኛው ከአንድ ሄክታር በታች የሆነ የየቤተ ሰቡ እርሻ ነው። ከመንገዱ ዳር በእንሰት ቅጠል ላይ ተደርድሮ የምናየው አቮካዶና ሙዝ፣ ማንጎና አናናስም የዚሁ ጓሮ ሱቅ መሆኑን ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት የሚገዛው መንገደኛ ልብ አይለውም።

የጓሮው ሥርዓት ለማንም ግልጽ ስለሆነ ብዙ አልዘገይበትም፤ ቤቱ ከመካከል፣ እንሰቱ ከቤቱ ዙሪያ፣ ቡናው ከእንሰቱ ቀጥሎ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር፣ ጎመንና ጎደሬ፣ ቦይናና ጌሾ ደግሞ ባዶ ቦታ በተገኘበት ሁሉ ይተከላሉ። ላሟ የእንሰቱን ቅጠል ትበላለች፣ እበቷም በየማለዳው ወደ እንሰቱ ሥር ይመለሳል። የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መጻፉም ይህንኑ ሥርዓት የባዕዳን ሊቃውንት ጭምር የመሰከሩለት መሆኑን ያሳያል።

ነገር ግን ጓሮውን የሚያመሰግኑትም ቢሆኑ ምሥጢሩን በቅጡ ያገኙት አይመስለኝም። «ብዙ ዓይነት ስለሚተክሉ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል» ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው፣ ግን እኩሌታው ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት የዚህ እርሻ ጥበብ ያለው የሚጠብቀውንና የማይጠብቀውን ለይቶ በአንድ አጥር ውስጥ በማኖር ላይ ነው። የሰሜኑ ገበሬ ጤፉና ገብሱ በደረሰ ጊዜ ሁሉንም በአንድ ወቅት አጭዶና ወቅቶ በጎተራ ማስገባት ግዴታው ሲሆን፣ የዲላው ገበሬ ግን ጎተራው ከነሥሩ ከመሬት ላይ ቆሞ ያድጋል። እንሰት ከተተከለ በኋላ እንደ ቦታው ቅዝቃዜና ሙቀት አራትም ሰባትም ዓመት ቆይቶ ይደርሳል፤ አበባውን እስኪያወጣ ድረስ ዘንድሮ ቢቆረጥም ከርሞ ቢቆረጥም ቅር አይለውም። ተፍቆ በጉድጓድ ከተቀበረ ወዲያም ቆጮው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ሳይበላሽ ይቀመጣል። ጎደሬውም ቢሆን ከአፈር ሥር ሆኖ የባለቤቲቱን ፈቃድ ይጠባበቃል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሰው ያላወቀለት አቮካዶ ነው። የከተማ ሰው አቮካዶ ጠንካራ ሆኖ ሲሰጠው «ጥሬ ነው፣ ሳይበስል ቆርጠውት ነው» ብሎ ይቈጣል፤ አቮካዶ ግን በዛፉ ላይ ይደርሳል እንጂ አይበስልም። ዘይቱ እስኪሞላ ድረስ ከእናቱ ጋር ይኖራል፣ ከሞላ በኋላም በዛፉ ላይ እስካለ ድረስ ጠንክሮ ይቈያል፤ መለስለስ የሚጀምረው ከዛፉ ከተለየ በኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ በደጇ አንድ ዛፍ ያላት ሴት ገበያው እስኪሞቅ፣ የልጇም የትምህርት ቤት ወጪ እስኪመጣ ድረስ ፍሬውን ከቅርንጫፉ ላይ አቆይታ ለዛሬ የሚበቃትን ብቻ ታወርዳለች። ይህን የመሰለ ማቀዝቀዣ ነጋዴ በገንዘቡ አይገዛም።

መድረሱ በምን ይታወቃል ቢሉ፣ አንዱን ቆርጦ በቤት ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ እኩል ከለሰለሰ ደርሷል፣ ቆዳው ከተጨማደደና እንደ ጎማ ከሆነ ግን ወንድሞቹን መተው ይገባል። አቆራረጡም ሥርዓት አለው። ፍሬው ከአጭር እጀታው ጋር ሲቆረጥ መልካም ሆኖ ይበስላል፤ እጀታው ከተነቀለ ግን በዚያች ትንሽ ቁስል ሻጋታ ገብቶ ከአናቱ ጀምሮ ያጠቁረዋል። ዛፉን በእንጨት እየቀጠቀጡ መሬት ላይ የሚያዘንቡት ነጋዴዎች ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ ኪሳራው የሚታየው አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በገዢው ቤት ስለሆነ ነው እንጂ።

ገዢውም ቢሆን ከወቀሳ አያመልጥም። ከይርጋለም መገንጠያ አለፍ ብሎ ካለች አንዲት ሴት መደብ ፊት ቆሜ ሳለሁ፣ ጥሩ ልብስ የለበሱ አንድ ጐልማሳ ከመኪናቸው ወርደው አቮካዶውን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ይጫኑ ጀመር። ሴትዮዋ ጥቂት ታገሠችና፣ «ጋሼ፣ ጣትዎን ይሰብስቡ፤ የነኩትን ሁሉ ይገዙኛል?» አለቻቸው።

«ኧረ ለማየት ብዬ ነው፣ እኅቴ» አሉ።

«እርስዎ አይተው ይሄዳሉ፤ እርስዎ የጫኑትን ነገ ሌላው ሰው ጠቁሮ ያገኘዋል፣ የሚሰደበው ግን የእኔ ስም ነው።»

ፍርዷ ትክክል ነበር። የበሰለ አቮካዶ በመዳፍ አቅፈው በቀስታ ሲይዙት ራሱ ይናገራል፤ በጣት የተጫነው ግን ቆዳው ደኅና መስሎ ሥጋው ተቀጥቅጦ ይቀራል። ቸኩሎ ለማብሰል የሚፈልግ ሰው ከበሰለ ሙዝ ጋር በአንድ ከረጢት ይክተተው፤ ከሙዙ የሚወጣው አየር ያፋጥነዋል። ጠንካራውን ሳያበስሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚከቱትን እመቤቶች ግን ምን እንደምላቸው አላውቅም።

ወደማይጠብቀው ስመለስ፣ ቡና ነው። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ወደ መፈልፈያው ካልደረሰ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቤተ ሰቡ በሙሉ ከመሸ በኋላ እንኳ ጆንያ ተሸክሞ ሲሄድ ይታያል። የቡናው ገንዘብ በዓመት አንድ ጊዜ በብዛት ይመጣል፣ በልማድም የአባወራው ነው፤ የመደቡ ገንዘብ ደግሞ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይመጣል፣ እርሱም የእማወራዋ ነው። ጨውና ሳሙና፣ ደብተርና መድኃኒት የሚገዛው ከኋለኛው መሆኑን አባወራውም ቢሆን አይክድም። እንሰትን እየነቀለ በየቦታው የሚስፋፋው ጫት የሚያሳስበኝም ስለዚህ ነው፤ ጫት ፈጥኖ ገንዘብ ይሰጣል፣ ነገር ግን የራበው ልጅ አይበላውም፣ ከተቆረጠም በኋላ ለነገ አያድርም።

ስለ መደቡ ልጨርስ። ፍሬው በሚዛን ሳይሆን በመደብ የሚሸጥ ስለሆነ፣ ከላይ የተቀመጠውን ብቻ ሳይሆን ከሥር ያለውንም ማየት የገዢው መብት ነው፤ ሻጯም ብትሆን አታኰርፍም። «መርቂልኝ» ማለትም ነውር የለበትም፤ አንዲት ሙዝ ወይም አንዲት ዘይቱን ጣል ታደርጋለች። ነውሩ የመኪናውን ሞተር ሳያጠፉ፣ ከከተማው ዋጋ የሚያንሰውን ሒሳብ እንደ ገና በግማሽ ለማስቀነስ ሴቲቱን በፀሐይ ማቆም ነው። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው የሚበሉበትን ቀን መንገር ነው፤ «ሁለቱ ለዛሬ ማታ፣ አራቱ ለዓርብ፣ የቀሩት ለሚቀጥለው ሳምንት» ያላት ሰው፣ እያንዳንዱን በመዳፏ እየመዘነች በየቀኑ ለይታ በእንሰት ቅጠል ትጠቀልልለታለች፤ የዓርቡን ከሥር፣ የዛሬውን ከላይ አድርጋ።