የከተማቸውን ስም ይዘው የዘፈኑት ወይዘሮ

ሰው ስሙን ለከተማ ሲሰጥ በየአገሩ የታየ ነገር ነው። ንጉሥ ከተማ ቆርቁሮ በስሙ ይጠራዋል፤ ተጓዥ ያላየውን ምድር ሲያገኝ የራሱን ስም ይተክልበታል። ከተማ ግን ስሟን ለሰው ሰጥታ፥ ያም ሰው በዚያ ስም ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ሲከበርበት ማየት ብዙ ያልተለመደ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናስተዋውቃቸው አውስትራሊያዊት ዘፋኝና ተዋናይ ወይዘሮ ጁን ብሮንሂል ይህ ዕድል ከገጠማቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ኹሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውሳለን።)

በእውነቱ አውስትራሊያውያን ዘፋኞች የአገራቸውን ስም መልበስ ይወዳሉ። በ1861 ሄለን ሚቸል ተብለው የተወለዱት ታላቋ ዘፋኝ ከትውልድ ከተማቸው ከሜልቦርን ወስደው ኔሊ ሜልባ ተባሉ፤ ዓለምም ያወቃቸው በዚሁ ነው። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ፍሎረንስ ኦስትራል ስማቸውን ከአገሪቱ ስም ቆረጡ። ኤልሳ ስትራሊያ የተባሉትማ የአገሪቱን ስም ራሱን ቆርጠው ጅራቱን ብቻ ወሰዱ! የወይዘሮ ብሮንሂል ነገር ግን ከነዚህ ይለያል። ሌሎቹ ስሙን ያወጡት ለጌጥ ወይም ለናፍቆት ሲሆን፥ እርሳቸው ግን ዕዳ ነበረባቸው።

ብሮክን ሂል ማለት የተሰበረ ኮረብታ ማለት ነው። ከተማዪቱ በኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ፥ ከሲድኒ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በበረሃ ውስጥ ትገኛለች። ሰዓቷን እንኳ የምታስተካክለው በዋና ከተማዋ በሲድኒ ሳይሆን ለእርሷ በሚቀርባት በአደሌድ ሰዓት ነው። በ1883 ቻርልስ ራስፕ የተባለ፥ በአንድ የበግ እርባታ ውስጥ አጥር እየዞረ የሚጠብቅ ሠራተኛ፥ በኮረብታው ላይ ያየውን ጥቁር ድንጋይ ቆርቆሮ ያለበት መስሎት መሬቱን አስመዘገበ። ቆርቆሮ አልነበረም፤ ብር፥ እርሳስና ዚንክ ሆኖ ተገኘ። ሀብቱም እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ከተማዪቱ የተጠራችበት ያ የተሰበረ ኮረብታ ራሱ ተቆፍሮ አለቀ።

የማዕድን ሠራተኞቹ በማኅበር በመተባበር የታወቁ ናቸው። ከ1919 እስከ 1920 ድረስ ዓመት ከመንፈቅ የቈየ የሥራ ማቆም አድማ አድርገው፥ በሳምንት 35 ሰዓት ብቻ የመሥራትን መብት አግኝተዋል። ይህን ያኽል ጊዜ ያለ ደመወዝ ተደጋግፎ የኖረ ሕዝብ፥ ለአንዲት ልጅ የመርከብና የትምህርት ገንዘብ ማዋጣት አያስቸግረውም ብለን እንገምታለን።

ያቺ ልጅ ጁን ጎፍ ነበሩ፤ የተወለዱትም በ1929 ነው። በ1949 በሲድኒ የሚታተመው «ሰን» ጋዜጣ በሚያዘጋጀው ታላቅ የዘፈን ውድድር ቀርበው ሦስተኛ ወጡ። አንደኛ የወጡት በኋላ ዓለም ያደነቃቸው ጆን ሳዘርላንድ ስለ ነበሩ ሦስተኛነቱ የሚያሳፍር አልነበረም። በሚከተለው ዓመት እንደ ገና ቀርበው አንደኛ ሆኑ። ነገር ግን በዚያ ዘመን የኦፔራ ዘፋኝ ለመሆን የሚፈልግ አውስትራሊያዊ መርከብ ተሳፍሮ ወደ አውሮፓ መሄድ ነበረበት፤ ሽልማቱም ብቻውን አይበቃም። የከተማው ሰዎች ገንዘብ አሰባሰቡላቸው። እርሳቸውም ጎፍ የተባለውን የቤተ ሰብ ስም ለመድረክ ትተው፥ ብሮክን የሚለውንና ሂል የሚለውን አጋጥመው ብሮንሂል ተባሉ። በ1952 ወደ ለንደን ሄዱ።

በሌላው ገንዘብ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የሄደ ሰው ይህ ስም ምን ያኽል እንደሚከብድ ሳይነግሩት ያውቃል። ተመልካች አላጨበጨበም ማለት የጁን ጎፍ ብቻ ውድቀት አይደለም፤ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የብሮክን ሂል ስም ነውና።

በ1954 በሳድለርስ ዌልስ ኦፔራ ቡድን ውስጥ መዝፈን ጀመሩ። ይህ ቡድን የራሱ የሆነ ጠባይ ነበረው። የጣሊያንም ሆነ የጀርመን ድርሰት ቢሆን፥ በተመልካቹ ቋንቋ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ይዘፈን ነበር። በማያውቀው ቋንቋ የሚዘፈንለት ሰው ድምፁን ብቻ ሰምቶ ይረካል፤ ቃሉን የሚሰማ ግን ቀልዱ ሲመጣ መሳቅ፥ ኀዘኑም ሲመጣ ማዘን ይፈልጋል። ስለዚህ በዚያ መድረክ ላይ ቆሞ መዝፈን ብቻ አያዋጣም ነበር፤ ቃልን አጥርቶ መናገርና እንደ ተዋናይ መጫወት ግድ ነው። ወይዘሮ ብሮንሂል ከጊዜ በኋላ በልዩ ልዩ ዓይነት ትርዒት ለመግባት ያስቻላቸው ይህ ሥልጠና ነው ብለን እናምናለን።

ስማቸውን የተከለው በ1958 የተጫወቱት የፍራንስ ሌሃር ኦፔሬታ «ደስተኛዋ ባለጠጋ መበለት» ነው። ታሪኩ የመንግሥት ሥራ የያዙ ወጣቶችን ሳያስቅ አይቀርም። የአንዲት ትንሽ ደሀ አገር ሀብት በአብዛኛው በአንዲት ባሏ በሞተባት ወይዘሮ እጅ ነው። ወይዘሮዪቱ ፓሪስ ትመጣለች፤ የአገሯ ሚኒስትር ደግሞ ፈረንሳዊ ብታገባ ግምጃ ቤታችን ባዶ ቀረ ብሎ ይሸበራል። ስለዚህ የሌጋሲዮኑን ጸሓፊ ዳኒሎን እንዲያገባት ያዘዋል። ዳኒሎ ግን ከቢሮው ይልቅ የሚታወቀው በምሽት መዝናኛ ቤት ነው። ወይዘሮ ብሮንሂል መበለቲቱን ሆነው ሲጫወቱ፥ ትርዒቱ እጅግ ስለ ተወደደ በዚያው ዓመት ወደ ታላቁ የለንደን ኮሊሲየም ቲያትር ተዛወረ፤ በሸክላም ተቀረጸ።

በ1959 ደግሞ በኮቨንት ጋርደን የዶኒዜቲን «ሉቺያ» ዘፈኑ። ይህ ለቀጭን ድምፅ ከተጻፉት ኹሉ ከባዶቹ አንዱ ሲሆን፥ በዚያው ዓመት በዚያው መድረክ ጆን ሳዘርላንድን ከዓለም ታላላቅ ዘፋኞች ተራ ያስገባቸው ድርሰት ነው። በ1949 በሲድኒ የተወዳደሩት ኹለት ልጆች በዐሥር ዓመታቸው በአንድ ኦፔራ ተገናኙ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ሳዘርላንድ በኦፔራ ጸኑ። ብሮንሂል ግን በ1961 በሳድለርስ ዌልስ የያናቼክን «ብልኋ ቀበሮ» የተባለውን ኦፔራ ቀበሮዪቱን ሆነው ዘፈኑ፤ በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ተመልሰው በሜልቦርን «የሙዚቃ ድምፅ» በተባለው የሙዚቃ ቲያትር የገዳሟን ልጅ ማሪያን ተጫወቱ። ማሪያን ብዙ ሰው የሚያውቃት በ1965 በወጣው በጁሊ አንድሩስ ፊልም ነው፤ አውስትራሊያ ግን ከዚያ በፊት የራሷን ማሪያ አይታለች።

በ1964 በለንደን የቀረበው «ሮበርትና ኤልሳቤጥ» ከኹሉ ይልቅ ለእርሳቸው የተሰፋ ልብስ ነበር። ታሪኩ የባለ ቅኔዪቱ የኤልሳቤጥ ባሬትና የባለ ቅኔው የሮበርት ብራውኒንግ ፍቅር ነው። ኤልሳቤጥ ታምማ ከክፍሏ የማትወጣ፥ አባቷም ልጆቹ እንዳያገቡ የሚከለክል ጨካኝ ሰው ነው። ዜማውን የደረሰው ሮን ግሬነር አውስትራሊያዊ፥ ብራውኒንግን የተጫወተው ኪት ሚቸልም አውስትራሊያዊ ነበሩ። ትርዒቱ 948 ጊዜ ታየ።

ኦፔራን ብቻ የሚያከብሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ድምፅ በቀላል ዜማ መባከኑ ያሳዝናል ይሉ ይሆናል። እኛ በዚህ አንስማማም። ኦፔሬታ ቀላል የሚመስለው ደኅና አድርገው ሲጫወቱት ብቻ ነው። ደግሞስ በብሮክን ሂል ገንዘብ ካዋጡት ሰዎች መካከል ስንቱ ነው ሉቺያን በኮቨንት ጋርደን ተቀምጦ ለመስማት የሚችል? የማሪያን ዘፈን ግን ማንም ይሰማዋል።

ወይዘሮ ብሮንሂል ዕድሜያቸው ሲገፋ እንደ ብዙዎች ወጣት መስለው ለመታየት አልታገሉም። በ1981 «የሙዚቃ ድምፅ» በለንደን እንደ ገና ሲታይ፥ ማሪያን ፔቱላ ክላርክ ተጫወቱ፤ ብሮንሂል የገዳሙ እመ ምኔት ሆኑ። ከኻያ ዓመት በፊት ምክር ይሰሙ የነበሩት አሁን መካሪዋ ሆነው ቀረቡ። በዚሁ ዘመን ገደማ በአውስትራሊያ ቴሌቪዥን በአንድ አስቂኝ ትርዒት የሱቅ ሻጭ ሆነው ሕዝቡን አሳቁ። በ1987 ያወጡት የሕይወት ታሪካቸውም «ደስተኛዋ ብሮንሂል» ይባላል።

ከሥራቸው ያቆማቸው ድምፃቸው አልነበረም፤ ጆሯቸው ነው። የመስማት ኀይላቸው እየደከመ ሄዶ በ1993 ከመድረክ ወረዱ። ዘፋኝ ድምፁን የሚያስተካክለው የሙዚቃውን ጓድ እየሰማ ነው፤ ያልሰማውን ሊከተል አይችልም። በጥር ወር 2005 በሲድኒ ከዚህ ዓለም ሲለዩ የ75 ዓመት ሴት ነበሩ። በ1958 የተቀረጸው የመበለቲቱ ሸክላ ግን ዛሬም ይሰማል፤ በሽፋኑም ላይ የዚያች የበረሃ ከተማ ስም አለ።