በኢሕራም ላይ ያረፈው ብር፦ የናኖ ምርቶች ደህንነትና የምስክር ወረቀት ጥያቄ በጅዳና በመካ

በሐምሌ ወር 2012 ዓ.ም የተከናወነው የሐጅ ሥነ ሥርዓት ከወትሮው እጅግ የተለየ ነበር። በቀደመው ዓመት 2 ነጥብ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሑጃጆችን ያስተናገደችው መካ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ በሳዑዲ ዓረቢያ ከሚኖሩ ሰዎች መካከል የተመረጡ ጥቂቶችን ብቻ ተቀበለች። ለእነዚህም የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ የእጅ ማጽጃ፣ የግል መስገጃና አስቀድመው የጸዱ ጠጠሮች ታደሉ። ከሁሉም አዲስ የነበረው ግን ኢሕራሙ ነው። የአገሪቱ ባለሥልጣናት እንደገለጹት፣ ነጩ ጨርቅ በናኖ ብር የተዘጋጀ፣ ባክቴሪያን የሚገድልና ውኃ የማያስገባ ነበር።

ብር ሲባል ገንዘቡ ሳይሆን ማዕድኑ ነው። አንድ ሜትር ለአንድ ቢሊዮን ሲከፈል አንድ ናኖ ሜትር ይሆናል፤ የናኖ ቁስ የሚባለውም በአብዛኛው ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር የሚለካው ነው። ብር በዚህ መጠን ሲደቅ ለአየርና ለእርጥበት የሚጋለጠው ገጹ እጅግ ስለሚበዛ፣ ባክቴሪያን የሚጎዱ አይኖችን በብዛት ይለቃል። ጥቅሙም ሥጋቱም የሚመነጩት ከዚሁ ባሕርይ ነው።

«ባክቴሪያን ይገድላል» የሚለው ቃል በላቦራቶሪ የሚረጋገጥበት መንገድ አለ። አይ ኤስ ኦ 20743 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ ባክቴሪያ በጨርቅ ላይ ተደርጎ ከሰዓታት በኋላ የቀረው እንዲቆጠር ያዝዛል። ይህንን ፈተና ያለፈ ጨርቅ ግን በቫይረስ ላይ ተፈትኗል ማለት አይደለም። ለቫይረስ የወጣው ደረጃ ሌላ ነው፤ ቁጥሩም 18184 ነው። በወረርሽኙ ወቅት ብዙ ገዢዎች በዓለም ዙሪያ ሁለቱን ሳይለዩ መግዛታቸው አያስገርምም፤ ሻጮቹም ለመለየት የሚቸኩሉ አልነበሩም።

ሁለተኛው ጥያቄ ብሩ በጨርቁ ላይ ምን ያህል ይቆያል የሚለው ነው። እ.አ.አ በ2008 በአሜሪካ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብር ያለባቸውን ስድስት ዓይነት ካልሲዎች በውኃ ደጋግመው ሲያጥቡ፣ አንዳንዶቹ በጥቂት እጥበት ብራቸውን ከሞላ ጎደል ሲያጡ ሌሎቹ ምንም አለመልቀቃቸውን አረጋግጠዋል። ልዩነቱን ያመጣው የአሠራሩ ዘዴ እንጂ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቃል አይደለም። ይህ ለኢሕራም ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሑጃጆች ኢሕራማቸውን በዘምዘም አጥበው ለከፈን ያስቀምጡታል። ከጨርቁ የወጣው ብርም በፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አፈርና ወደ ውኃ ይሄዳል።

ወደ መካ የሚገባ ሸቀጥ አብዛኛው የሚያልፈው በጅዳ ወደብ ነው። እ.አ.አ በ1972 የተቋቋመው የሳዑዲ የደረጃዎች፣ የሥነ ልክና የጥራት ድርጅት ከ2019 ጀምሮ «ሳብር» በተሰኘው የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት አስመጪዎችን ያስተናግዳል። አስመጪው በመጀመሪያ ለምርቱ፣ ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ጭነት የተስማሚነት ምስክር ወረቀት ያወጣል። መድኃኒትና መዋቢያ ደግሞ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥር ይወድቃሉ። ሥርዓቱ የጉምሩክን ሥራ ያቀላጠፈ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ናኖ ቅንጣት እንደተሰበረ ሶኬት በዓይን አይታይም፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካልታየ በቀር ተቆጣጣሪው የሚያገኘው አምራቹ የጻፈውን ብቻ ነው።

መሣሪያውስ በጅዳ አለ። ንጉሥ አብደላ ከግል ገንዘባቸው ለሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የናኖ ምርምር 36 ሚሊዮን ሪያል ሲለግሱ፣ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ በዚያው ከተማ የሚገኘው የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ነገር ግን የምርምር ላቦራቶሪና የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ላቦራቶሪ አንድ አይደሉም። የኋለኛው አይ ኤስ ኦ 17025 በተባለው ደረጃ እውቅና ማግኘት፣ ያንኑ ናሙና ሌላ ላቦራቶሪ ቢለካው ተመሳሳይ ውጤት መምጣቱን ማሳየት አለበት።

ሌሎች አገሮች በተለያየ መንገድ ሄደዋል። ታይዋን እ.አ.አ በ2004 የናኖ ምርት መለያ ምልክት አወጣች። የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 ጀምሮ በመዋቢያ ላይ ከንጥረ ነገሩ ስም አጠገብ «ናኖ» የሚል ቃል እንዲጻፍ አስገድዷል። በአሜሪካ ባክቴሪያን ይገድላል ተብሎ የሚሸጥ የብር ጨርቅ በፀረ ተባይ ሕግ ሥር ይታያል። እ.አ.አ በ2011 ለአንድ የናኖ ብር ምርት የተሰጠውን ፈቃድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ከሁለት ዓመት በኋላ በከፊል ሽሮታል፤ ምክንያቱም ለሕፃናት የተሰላው የደህንነት ወሰን ነበር።

በሐጅ ሽቶ ስለማይፈቀድ ሽታ አልባ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በመካ ሙቀት ተፈላጊ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ የዚንክ ወይም የቲታኒየም ኦክሳይድ ይገኛል። የአውሮፓ ሕግ ናኖ ቲታኒየምን በቅባት መልክ በገደብ ሲፈቅድ፣ ወደ ሳንባ ሊገባ በሚችል በሚረጭ መልክ ግን ከልክሏል። ንጥረ ነገሩ ያው ሆኖ ሳለ አቀራረቡ ፍርዱን ይለውጠዋል። ስለዚህ «ናኖ ያለበት» ወይም «ናኖ የሌለበት» ብሎ መለየት ብቻውን ለተቆጣጣሪ አይበቃም።

ጉዳዩ ኢትዮጵያውያንንም ይነካል። በየዓመቱ ሑጃጆች፣ በሥራ የሚመላለሱም ብዙ ሰዎች በጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ልብስና ቅባት በሻንጣ ይዘው ይመለሳሉ። በኢትዮጵያ ደረጃ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት፣ መዋቢያን የሚቆጣጠረው ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ለስጦታ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ግን በነጋዴ ጭነት መንገድ አያልፍም። ገዢው በጅዳ ገበያ ቆሞ ሻጩን ሊጠይቅ የሚችለው ጥቂት ነገር ነው፦ ምርቱ በየትኛው ደረጃ ተፈተነ፣ ፈተናው ከስንት እጥበት በኋላ ተደገመ፣ ምስክር ወረቀቱንስ ማን ሰጠ።