አንዴ አውርዶ ደጋግሞ ማስተማር

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ለሚያስተምር መምህር ስለ ነፃ የኢንተርኔት መሣሪያዎች የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ጎግል ክላስሩም ክፈት፣ በካንቫ ፖስተር ሥራ። ምክሩ ክፋት የለውም። መሣሪያዎቹ ያለ ክፍያ የሚገኙ ቢሆኑም የሚበሉት ዳታ ግን በገንዘብ ነው የሚገዛው፤ ገንዘቡ ደግሞ ከመምህሩ ወይም ከወላጅ ኪስ ይወጣል። ኔትወርክ ሲጠፋም ትምህርቱ አብሮ ይቆማል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ የተቋረጠው ኢንተርኔት እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጅቷል። ስለዚህ መሣሪያ ሲመረጥ ከነፃነቱ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ የሚለው ነው።

ይህን ፈተና በደንብ ከሚያልፉት አንዱ ፌት ነው። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ይህ ሥራ፣ የሳይንስና የሒሳብ ሙከራዎችን በስክሪን ላይ ያስመስላል። አብዛኞቹ ሙከራዎች በተራ ብራውዘር የሚከፈቱ ትንንሽ ፋይሎች ስለሆኑ በፍላሽ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይዞራሉ። የኤሌክትሪክ ዑደት በሚገነባበት ሙከራ ተማሪው ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል እየጎተተ ያገናኛል። ሁለት አምፖሎችን በተከታታይ ሲያያይዝ ይደበዝዛሉ፤ በትይዩ ሲያያይዛቸው ይደምቃሉ። የባትሪውን ሁለት ጫፎች በባዶ ሽቦ ካገናኘ ባትሪው እሳት ያነሣል። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ይህን ስህተት ያለ ጉዳት መሥራት መቻል ቀላል ነገር አይደለም። ለጂኦሜትሪና ለግራፍ ጂኦጀብራ፣ ለፕሮግራም ጅማሮ በአማርኛም የሚሠራው ስክራች፣ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬ ኦፊስ አሉ፤ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ተጭነው ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ።

ሰበታ ላይ የመሣሪያ ምርጫው ጉዳይ የበለጠ ይከብዳል። ከተማዋ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ዓይነ ስውራንን ያስተማረው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት መገኛ ናት። ዓይነ ስውር ተማሪ ኮምፒውተር የሚጠቀመው ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብለት ፕሮግራም ነው፤ ታዋቂዎቹ የንግድ ፕሮግራሞች ደግሞ በዶላር የሚሸጡ ናቸው። ኤንቪዲኤ የሚባለውን የስክሪን ማንበቢያ ፕሮግራም ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 መሥራት ሲጀምር ያነሣሣው ይኸው የዋጋ ጉዳይ ነበር። ፕሮግራሙ በነፃ ይሰጣል፤ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መሄድ ይችላል፤ አብሮት የሚመጣው የድምፅ ሞተር፣ ቃናው ደረቅ ቢሆንም፣ አማርኛንም ያነባል። ለዚህ ተማሪ መሣሪያው ከእርሱ ጋር መዞሩ ትልቅ ነገር ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ያለፈ ልምድ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመጣው የፕላዝማ ትምህርት ብዙ ወጪ ተደርጎበት መምህሩን ተመልካች አደረገው ይባላል። ወቀሳው ትክክል ነው። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይሮጥ ነበር፤ ተማሪው ባይገባውም መምህሩ ሊያቆመው አይችልም ነበር። እዚህ የተጠቀሱት መሣሪያዎች ግን መምህሩ ካልነካቸው አይንቀሳቀሱም። በፈለገው ቦታ ያቆማቸዋል፤ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ያብራራል፤ ይደግማል። ፕላዝማን የጣለው ስክሪን መሆኑ ሳይሆን መቆጣጠሪያው ከክፍሉ ውጭ መሆኑ ይመስለኛል።

አንድ ኮምፒውተር ለአንድ ክፍል ተማሪ ምን ይፈይዳል የሚልም አለ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይገምቱ፦ በተከታታይ ሦስተኛ አምፖል ቢጨመር የቀሩት ይደምቃሉ ወይስ ይደበዝዛሉ? እጅ ካወጡና ከተከራከሩ በኋላ አንዱ ወጥቶ ይሞክረው። ለዚህ አንድ ስክሪን ይበቃል። ሙከራው እውነተኛ ሽቦና ባትሪ አይተካም፤ ባትሪና አምፖል መግዛት የሚችል ትምህርት ቤት ይግዛ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከጥቁር ሰሌዳው ሌላ መፍትሔ የለም። በአንድ ሰነድ ላይ ብዙ ተማሪዎችን በአንድ ጊዜ የሚያሠሩት እንደ ጎግል ዶክስ ያሉት መሣሪያዎችም የራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ አስተማማኝ ዋይፋይ ያለው ትምህርት ቤት አይተዋቸው።

ርዕሳነ መምህራንና የአይሲቲ መምህራን ሆይ፣ የመስከረሙ ግርግር ሳይጀምር ጥሩ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ እነዚህን ፋይሎች አንዴ አውርዱ፤ ለእያንዳንዱ የሳይንስና የሒሳብ መምህርም በፍላሽ አከፋፍሉ።